ባዶው ሳጥን፦ የኮርስ ዝውውር የመረጃ ቋትና የኮሌጅ ሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት

የካሊፎርኒያ የመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚጠቀሙበት፣ አሲስት የሚባል የመረጃ ቋት አለ። ማንኛውም ሰው ድረ ገጹን ከፍቶ አንድ የማኅበረሰብ ኮሌጅ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲና አንድ የትምህርት ዘርፍ ሲመርጥ ሁለት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ይቀርብለታል። በአንዱ ዓምድ ዩኒቨርሲቲው ለዘርፉ መሠረት አድርጎ የሚጠይቃቸው ኮርሶች ይዘረዘራሉ፤ በሌላው ዓምድ ደግሞ በአቻነት የተቀበላቸው የኮሌጁ ኮርሶች ይሰፍራሉ። አቻ ከሌለ በቦታው «አቻ ኮርስ አልተመዘገበም» የሚል መልእክት ያለው አጭር ሐረግ ይነበባል። ሰንጠረዡ የተዘጋጀው በዋነኛነት ለተማሪና ለአማካሪ ስለሆነ ዓይን የሚያርፈው በሞሉት ሳጥኖች ላይ ነው። ሥርዓተ ትምህርት የሚያዘጋጅ ሰው ግን ይበልጥ የሚማረው ከባዶዎቹ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960 የጸደቀው የካሊፎርኒያ የከፍተኛ ትምህርት መሪ ዕቅድ ሥራውን ለሦስት ወገን አከፋፈለ። ምርምርና የዶክትሬት ትምህርት በዋነኛነት ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሰፊው የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪ ሥልጠና ለስቴት ዩኒቨርሲቲው፣ ለሁሉም ክፍት የሆነው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ትምህርት ደግሞ ያኔ ጁኒየር ኮሌጅ ይባሉ ለነበሩት ተቋማት ተሰጠ። ዕቅዱ የቆመው በኮሌጅ የተጀመረ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ይቀጥላል በሚል ግምት ላይ ነበር። ዛሬ ኮሌጆቹ 116 ደርሰዋል፤ እያንዳንዱም የየራሱን ኮርስ ሲቀርጽና ሲሰይም ኖሯል። የተገመተው ቀጣይነት በየኮርሱና በየካምፓሱ በሚደረግ ስምምነት መጠገን ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጥገናው ሳይሳካ ሲቀር ዋጋውን የሚከፍለው ተማሪው ነው። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ ከ2004 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ተቋም የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ከመንግሥት ተቋም ወደ መንግሥት ተቋም የተዛወሩት ብቻ ተለይተው ሲታዩ ግምቱ 37 በመቶ ነበር። አኃዙ የመላ አገሪቱ እንጂ የካሊፎርኒያ ብቻ አይደለም። ከዚህም ሌላ እንዲህ ያለ ቁጥር የማያሳየው ኪሳራ አለ፤ ክሬዲቱ ተቆጥሮ ፋይዳ የሚያጣበት። አንድ ኮርስ «ተዛዋሪ» ተብሎ በጥቅል ክሬዲት ሊገባ ይችላል፤ ለአጠቃላይ ትምህርት መስፈርት ሊቆጠር ይችላል፤ ወይም የዋናውን ዘርፍ አንድ የተወሰነ ኮርስ ሊተካ ይችላል። ሦስቱ እጅግ የተለያዩ ናቸው። በመጀመሪያው ደረጃ ብቻ የተቆጠሩ ኮርሶችን ይዞ የሚመጣ ተማሪ በትራንስክሪፕቱ ላይ ሦስተኛ ዓመት፣ በትምህርት ክፍሉ ዓይን ግን ጀማሪ ነው። ኮሌጁ «ኮርሶቻችን ይዛወራሉ» ሲል አልዋሸም፤ ተማሪው ግን አንድ ዓመት ይጨምራል።

የኮምፒውተር ሳይንስ ይህን ከሌሎች ዘርፎች በተሻለ ያሳያል። በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ የፕሮግራሚንግ መግቢያው በሲ ፕላስ ፕላስ ይሰጣል። የኧርቫይኑ ካምፓስ በፓይተን ይጀምራል። በርክሌይም የመጀመሪያውን ኮርስ በዋናነት በፓይተን ይሰጥና ወደ ሁለተኛው ሲያልፍ ጃቫን ይጠቀማል። ከዚያ ቀደም የበርክሌይ መግቢያ ኮርስ ስኪም በተባለ ቋንቋ ይሰጥ ነበር። አንድ የትምህርት ክፍል በገዛ ሥልጣኑ ቋንቋውን ሲለውጥ፣ ከእርሱ ጋር አቻነት የሚፈልጉ ኮሌጆች ሁሉ የኮርስ መግለጫቸውን እንደገና ማየት ግድ ይሆንባቸዋል፤ በዚያ ውሳኔ ላይ ግን ድምፅ የላቸውም። ተማሪዎቹ ወደ ሦስቱም ካምፓሶች የሚያመለክቱ አንድ ኮሌጅ ሦስት ቋንቋ ማስተማር ይኖርበታል ማለት ነው። ትልቅ ኮሌጅ ይችለዋል። በትንሽ ከተማ ያለ ኮሌጅ ግን ሦስቱን ክፍሎች ከፍቶ ተማሪ ሲያንስበት ሁለቱን ይሰርዛል፤ ሰንጠረዡ ላይ የሞላው ሳጥን በመማሪያ ክፍል ውስጥ ባዶ ሆኖ ይገኛል። የመረጃ ቋቱ የጸደቀ ስምምነትን እንጂ በዚህ መንፈቅ በእርግጥ የሚሰጥ ኮርስን አያሳይም። ስለዚህ ኮርሱ በየትኛው መንፈቅ እንደሚከፈትና ስንት ተማሪ እንደሚመዘገብበት ከሬጅስትራር ሳያጣሩ በአሲስት ላይ ብቻ ተመሥርቶ ማቀድ አደገኛ ነው።

ካልኩለስም የራሱ ጣጣ አለው። አብዛኞቹ ኮሌጆች ዓመቱን በሁለት መንፈቅ ሲከፍሉ ሎስ አንጀለስን የመሰሉ ካምፓሶች በሩብ ዓመት ይሠራሉ። በመሆኑም አቻነቱ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ለአንድ ኮርስ ሳይሆን ለተከታታይ ኮርሶች በጥቅል ነው፤ ሰንሰለቱን መሐል ላይ ትቶ የሚዛወር ተማሪ ከይዘቱ የተወሰነውን ሊደግም ይችላል። ይህ ለኮሌጁ የሚነግረው አዲስ ኮርስ ይፈጠር የሚል አይደለም፤ ሰንሰለቱ ሳይቆራረጥ የሚያልቅበትን የጊዜ ሰሌዳ ማውጣት ይበቃል።

ወደ ባዶው ሳጥን ስንመለስ፣ ትልቁ ችግር ባዶነቱ ብዙ ምክንያት ሊኖረው መቻሉ ነው። ኮሌጁ ኮርሱን ፈጽሞ ላይሰጥ ይችላል። ኮርሱ እያለም የአቻነት ጥያቄ ሳይቀርብ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ቀርቦ የቤተ ሙከራው ሰዓት አነሰ ወይም ይዘቱ ሳሳ ተብሎ ተመልሶም ይሆናል። የቀድሞው ስምምነት ዩኒቨርሲቲው ኮርሱን ሲያሻሽል ቀሪ የሆነበት አጋጣሚም አለ። በአንዳንዶቹ ላይ ሰንጠረዡ ራሱ «ከዝውውር በኋላ በዩኒቨርሲቲው የሚወሰድ» ብሎ ይገልጻል፤ እዚህ ላይ ኮሌጁ ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። የቀሩት እያንዳንዳቸው የተለየ መድኃኒት ይሻሉ፦ አንዱ አዲስ ኮርስ፣ ሌላው አንድ ደብዳቤ፣ ሌላው የመግለጫ ማሻሻያ። ባዶ ሳጥኖችን ቆጥሮ «ይህን ያህል ኮርስ ይጎድለናል» የሚል ሪፖርት የሚያቀርብ ኮሚቴ እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ይጨፈልቃል፤ ደብዳቤ ይበቃው ለነበረው መምህር ይቀጥራል።

ሌላም ስጋት አለ። የመረጃ ቋቱ የሚናገረው በዩኒቨርሲቲው ቋንቋ ብቻ ነው። በማኅበረሰብ ኮሌጅ ግን ነርስነት፣ ብየዳና ለአዋቂዎች የሚሰጥ እንግሊዝኛም ይሰጣሉ፤ ከነዚህ ብዙዎቹ በአቻነት ሰንጠረዥ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ሰንጠረዡን ብቻ የሚያይ ዲን እነዚህን እንደ ትርፍ ሊያያቸው ይችላል። ስቴቱ ራሱ ሸክሙን ከየካምፓሱ ፍላጎት ወደ ጋራ መስፈርት ለማዞር ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሕግ 60 ክሬዲት የያዘ የዝውውር ዲግሪ አቋቁሞ፣ ተማሪው በስቴት ዩኒቨርሲቲው ተመሳሳይ ዘርፍ በሌላ 60 ክሬዲት እንዲጨርስ መንገድ ከፈተ። በ2021 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ኮሌጆቹ ለተመሳሳይ ኮርሶች አንድ ዓይነት ቁጥር እንዲሰጡ አዘዘ። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፤ ሆኖም የጋራ ቁጥር የበርክሌይንና የኧርቫይንን የትምህርት ክፍሎች አንድ ቋንቋ አያስመርጥም።

የጎደለው የእምቢታው ምክንያት ነው፤ እዚህ ላይ ሜሪላንድ የተሻለ ትምህርት ትሰጣለች። ስቴቱ አርትሲስ የሚባል የራሱ የኮርስ አቻነት የመረጃ ቋት አለው። ከዚህ በተጨማሪ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የሜሪላንድ ሕግ የተማሪን ክሬዲት ወይም ኮርስ አልቀበልም ያለ የመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ምክንያቱን ለተማሪውና ተማሪውን ለላከው ተቋም እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ይህ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ኮሌጅ ገብተው ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚያመሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ይጠቅማል። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ላይ ትምህርት ጀምሮ የሄደ ሰው ግን የቀድሞ ኮርሶቹን በእንዲህ ያለ ሰንጠረዥ አያገኛቸውም፤ የእርሱ ትራንስክሪፕት በተናጠል ይገመገማል።

በምክንያት የተደገፈ እምቢታ ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጅ ከብዙ የሞሉ ሳጥኖች ይልቅ ይጠቅማል፤ ምን እንደጎደለ በስሙ ይጠራዋልና። ቀሪው ጥያቄ ደብዳቤው ኮሌጁ ሲደርስ የማን ጠረጴዛ ላይ ያርፋል የሚለው ነው። በሬጅስትራር ፋይል ውስጥ ከቀረ፣ የኮርሱን መግለጫ የሚጽፈው መምህር በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ መግለጫ ይልካል።