የሰቆጣ ገበያ የራዲዮ ተራ

የሰቆጣ ገበያ ሲነሳ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ነጭ ማሩን፣ ፍየሉንና አሞሌ ጨውን ነው። እውነቱን ነው፤ ከአፋር ምድር የተቆረጠ ጨው በግመልና በአህያ ተጭኖ፣ አቀበቱን ወጥቶ ሰቆጣ መራገፍ ከጀመረ ዘመናት አልፈዋል። እኔ ግን ያንን ገበያ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ከልብስ ሰፊዎቹ ጀርባ ባለው ጥግ የሚነጠፍ ማዳበሪያ ነው። ማዳበሪያው ላይ ክዳናቸው የተነሳ ራዲዮዎች፣ የተተበተበ ሽቦ፣ የተሰበረ አንቴና፣ በጣሳ የተሞላ ብሎን ይደረደራሉ። እኛ ልጆቹ ቦታውን የራዲዮ ተራ እንለው ነበር።

ጊዜው የ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። በገጠሩ መብራት ስለሌለ ራዲዮ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው። ድንጋይ ደግሞ ውድ ነው፤ ዜናው እንዳለቀ ራዲዮው ይዘጋል። የደከመውን ድንጋይ ቀን ቀን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ሞቅ ሲለው ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ ለአንድ ምሽትም ያገለግላል። ራዲዮ ያለው ቤት ማታ ማታ የጎረቤቱ ሁሉ ቤት ነበር።

የኛዋ ናሽናል አንድ ቀን ጸጥ አለች። አባቴ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልሎ ይዟት ሲወጣ እኔም ተከተልሁት። ጠጋኙ ቀድሞ በጦር ሠራዊት ውስጥ የመገናኛ ሠራተኛ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ሁሉም “አያ” ይላቸዋል።

“አያ፣ ይድን ይሆን?” አለ አባቴ።

አያ ክዳኑን በካቻቪቴ ከፈቱና ወደ ብርሃን አዘነበሉት። “ልቡ ደኅና ነው፤ እግሩ ነው የዛገው” አሉ።

ድንጋዩ ሳይወጣ ከርሞ ፈሳሹ አፈትልኳል፤ ጥምዝምዟ ሽቦ አረንጓዴ ዝገት ለብሳለች። አያ ዝገቱን በምላጭ ፋቁት። ከዚያ ከሰል ውስጥ የተቀበረውን መበየጃ አወጡ፤ የኤሌክትሪክ አይደለም፣ ጫፉ መዳብ የሆነ ብረት ነው። እርሳሱን ነካ ሲያደርጉት ቀለጠና ብልጭ ብሎ ከሽቦዋ ጋር ተጣበቀ። ጭሱ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ድንጋዩ ተመልሶ ገባ፣ ቁልፉ ተጠመዘዘ፣ መጀመሪያ ሹክሹክታ፣ ቀጥሎ ሙዚቃ መጣ። አባቴ ሳቀ። እኔ ግን ዓይኔ ከመበየጃው ላይ አልተነሳም።

ከዚያ ወዲህ የገበያ ቀን በደረሰ ቁጥር ውሎዬ እዚያ ሆነ። ከዝቋላ፣ ከድሃና፣ ከጋዝጊብላ፣ ከአበርገሌ የመጣ ሰው ማሩን ወይም ፍየሉን ከሸጠ በኋላ ራዲዮውን ይዞ ወደ ጥጓ ይመጣል። አማርኛው፣ ኽምጣናው፣ ትግርኛው እዚያ ይቀላቀላል። አንዱ ስፒከሩ ደኅና ሆኖ ቦርዱ የተቃጠለ ራዲዮ ይዟል፤ ሌላው ቦርዱ ደኅና ሆኖ ስፒከሩ የተቀደደ። ሁለቱ ተያይተው ይደራደራሉ፣ አያ ዳኛ ይሆናሉ፣ አንቴናው ምራቂ ይሆናል። የጠፋ አንቴና በጃንጥላ ዘንግ ሲተካም አይቻለሁ።

ከዕቃው ልውውጥ በላይ የደራው ግን የዕውቀቱ ልውውጥ ነበር። አዛውንቶቹ የራዲዮን ዘመን የሚቆጥሩት በጣቢያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1977 ከአዲስ አበባ ይሰማ የነበረውን ብሥራተ ወንጌል የሚያስታውሱ ነበሩ። ሌሎቹ እ.ኤ.አ. በ1965 በአማርኛ የጀመረውን የጀርመን ድምፅ፣ ወይም በ1982 የተከተለውን የአሜሪካ ድምፅ ይመርጣሉ። ክርክሩ የቱ ጣቢያ በየትኛው ሰዓት የት ላይ ጠርቶ እንደሚሰማ ነው። “ማታ ወደ 49 ሜትር ውረድ፤ ቀን 19 ሜትር ላይ ፈልግ” ይባባላሉ። አያ ምክንያቱን ያስረዳሉ። አጭር ሞገድ ከምድር በላይ ካለው፣ ፀሐይ ኤሌክትሪክ ካሳደረችበት የአየር ንጣፍ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ቀን ቀን የታችኛው ንጣፍ ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ ይውጠዋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ንጣፍ ይሳሳና መንገዱ ይከፈታል። መካከለኛ ሞገድ ሲደክም ደግሞ አንቴናውን መምዘዝ እንደማይጠቅም ያሳዩ ነበር። የሚቀበለው ራዲዮው ሆድ ውስጥ የተኛው ጥቁር ዘንግ ስለሆነ ራዲዮውን ራሱን ማዞር ነው።

አንድ ቀን መርፌውን 41 ሜትር አጠገብ ሳንቀሳቅስ አፍንጫውን ተይዞ የሚያወራ የሚመስል፣ ቃሉ የማይለይ ድምፅ ሰማሁ። አለፍ ብሎ ደግሞ ትንፋሽ የመሰለ የሚቆራረጥ ነገር አለ። የተበላሸ መሰለኝ። አያ ጆሯቸውን አስጠጉና ፊታቸው በራ።

“አልተበላሸም። ይኼ አማተር ነው። የመንግሥት ጣቢያ አይደለም፣ ደመወዝም የለው። ፈቃድ አውጥቶ፣ አንቴናውን ራሱ ዘርግቶ፣ ከዓለም ጫፍ ካለ ሰው ጋር ሰላምታ የሚለዋወጥ ሰው ነው። የኛ ራዲዮ አይፈታውም እንጂ ሰው ነው የሚያወራው።”

ተራ ሰው ከቤቱ ሆኖ ዓለምን ማናገር እንደሚችል የሰማሁት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር መሆን አላሰኘኝም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አዲስ አበባ ስደርስ የሰቆጣን ጥግ ሰፍታ ያገኘኋት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው፤ የተጣለ የሚመስል ዕቃ ሁሉ እዚያ ባለቤት አለው። አያ የነገሩኝን ዓለም ግን ያገኘሁት 5 ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ እዚያ ነው፤ መለያው ኢ ቲ 3 ኤ ኤ። ኢትዮጵያ በአማተሮች ዘንድ ብርቅ አገር ናት። “ኤኮ ታንጎ ስሪ አልፋ አልፋ” ብሎ አንድ ተማሪ ሲጠራ ከጣሊያን፣ ከጃፓን፣ ከብራዚል የሚመልሰው ብዛት ድምፅ ከድምፅ አያስለይም። በጥሞና አንዱን መዝዞ “59” ብሎ ጥራቱን መንገር፣ መዝገብ ላይ ማስፈር፣ ወደ ቀጣዩ ማለፍ ነው። ሰዓቱ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ስለሆነ የኛ ምሽት 3 ሰዓት መዝገቡ ላይ 18:00 ይሆናል። ያ በልጅነቴ ሊገባኝ ያልቻለው ድምፅ ትክክለኛ መቀበያ ላይ ጥርት ብሎ ስም ሲናገር ስሰማ አያን አመሰገንኋቸው።

ጣቢያውን ሊጎበኙ ከመጡ እንግዶች አንዱ በየዓመቱ ስለሚያደርጉት ጉባኤ አጫወተን። በአሜሪካ ኦሃዮ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ፣ በጀርመን ፍሪድሪክስሃፈን ደግሞ ከ1976 ጀምሮ አማተሮች ይሰበሰባሉ። አዲሱ ዕቃ አዳራሽ ውስጥ ይታያል፤ ብዙው ሰው የሚወደው ግን አሮጌው የሚሸጥበትን ገበያ ነው። ጠረጴዛ ላይ የተደረደረ አሮጌ ራዲዮ፣ በሣጥን የተሞላ ቁርጥራጭ፣ ጎንበስ ብሎ የሚፈልግ ሽማግሌ፣ አጠገቡ የቆመ ልጅ ያለበትን ፎቶ አሳየን። ሁሉንም አውቀዋለሁ። ኦሃዮ ሳልሄድ ሰቆጣ ላይ አይቼዋለሁ።

ይህን ሁሉ ዓመት ከራዲዮ ጋር ኖሬ የገባኝ ይህ ነው፦ ራዲዮ የሩቁን ሰው ከማሰማቱ በፊት የቅርቡን ሰው ይሰበስባል። ሞገዱ ቢኖርም የዛገውን የሚፍቅ፣ ያወቀውን የማይደብቅ ሰው ከሌለ ራዲዮው ዝም ነው። ዛሬ ሰቆጣ ላይ ወጣቶች ያንኑ ትዕግሥት ይዘው ሞባይል ይጠግናሉ፤ ከባሕር ዳርም በኽምጣና የሚተላለፍ ፕሮግራም ይሰማል። የሚጎድለው እነዚያ ወጣቶች ራሳቸው የሚናገሩበት የአማተር ጣቢያ ነው። ለ40 ሜትር ባንድ የሚሆን አንቴና ሃያ ሜትር ያህል ሽቦ ነው፤ ከመሐሉ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል ይወጠራል። ከባዱ ፈቃዱና መሣሪያው ነው፣ እሱም በማኅበር የሚቻል ነው። ሰቆጣ ባለችበት በዋግ ካሉት ትምህርት ቤቶች ይህን እንሞክር የሚል ካለ፣ ሽቦውን ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ።