ጎመን በጤና

ሰሞኑን በፎቶ ላይ የጣቴን ፕላስተር አይታችሁ «ከማን ተጣላህ?» ብላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ መልሱ «ከወፍ» ነው።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ ወደ ሌላ ስቴት ሲዛወር በቀቀኑን ለልጄ ሰጣት። አረንጓዴ ስለሆነ ጎመን አልነው። ፈረንጆቹ ዘሩን «ሞንክ» ይሉታል፣ መነኩሴ ማለት ነው፤ ግንባሩና ደረቱ ግራጫ ስለሆነ ቆብ የደፋ ይመስላል። መነኩሴው ግን በመጣ በማግስቱ ጾሙን በአውራ ጣቴ ሥጋ ፈታ።

ዳላስ ያላችሁ ዘመዶቹን ታውቋቸዋላችሁ። ዋይት ሮክ ሌክ አካባቢ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ብረት ላይ የጭራሮ ጎጆ ሠርተው የሚንጫጩት ናቸው። አገራቸው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ እዚህ የተራቡት ለቤት ወፍነት ከመጡት መካከል ያመለጡትና የተለቀቁት ናቸው። ከበቀቀን ወገን ጎጆውን በጭራሮ የሚሠራ ከእሱ ሌላ ብዙ የለም። ድሮ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሳለሁ ባገኛቸው ኖሮ ጠላቶቼ ይሆኑ ነበር።

ወደ እኛው ልመለስ። ባለቤቴ «እስከ ፋሲካ ካልታረመ ይሄዳል» አለች። እኛ ለጎመን ሦስተኛ ቤቱ ነን። ልጄ ይህን ስትሰማ ክፍሏን ዘግታ አለቀሰች።

ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ለጓደኞቼ አማከርኳቸው። አንዱ «የቆዳ ጓንት አድርገህ ጨምድደህ ያዘው፣ ይለምዳል» አለኝ። ሞከርኩ። ከዚያ ወዲህ ጓንቱን ገና ከሩቅ ሲያይ ከሽቦ ቤቱ ጋር ይላተም ጀመር።

ነገሩን ያየችልኝ ልጄ ናት። «አባዬ፣ ከመንከሱ በፊት እኮ ይነግርሃል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ላባውን ከሰውነቱ ጋር ያጣብቃል። ወደ ኋላ ያዘነብላል። የዓይኑ ብሌን ጠበብ ሰፋ ይላል። እኔ ይህን ሁሉ አልፌ እጄን እሰድዳለሁ፣ ይነክሰኛል፣ እጄን እስባለሁ። በሙያዬ ፊድባክ የምንለው ይኸው ነው! በትሕትና ሦስቴ ለመነኝ፣ አልሰማሁትም። አንዴ ነከሰኝ፣ እጁ ጠፋለት። መንከስ ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ደግሞ ውሻ አይደለም። ውሻ ከሰው ጋር ከ10 ሺህ ዓመት በላይ ኖሯል፤ የበቀቀን ቅድመ አያቶች ግን ትናንት ጫካ ነበሩ። ዓይኖቹ በግራና በቀኝ የተቀመጡት የሚያድነውን አውሬ እንዲያይባቸው ነው። እጅ ከላይ ሲመጣበት ጭልፊት ነው።

ስለዚህ አሠራሬን ገለበጥኩት። የሽቦ ቤቱን ከመተላለፊያው አንስቼ ጀርባውን ግድግዳ እንዲይዝ ጥግ ላይ አስቀመጥኩት። ሌሊት ሠርቼ ስመለስ እቀርብና፣ ላባውን ከማጣበቁ ግማሽ እርምጃ በፊት ቆሜ የሱፍ ፍሬ ሰጥቼው እሄዳለሁ። ቁም ነገሩ መሄዱ ላይ ነው፤ ሳይነክስ እንደምሄድለት ማወቅ አለበት። በመጀመሪያ ፍሬውን የሰጠሁት በእንጨት ማማሰያ ጫፍ ነው (የወጥ ማማሰያው መሆኑን ቤት ውስጥ ያወቀ የለም፣ አደራ)። በየሳምንቱ ማማሰያውን አሳጥሬ እይዛለሁ። አንድ ቀን ቸኩዬ እጄን ጨመርኩና የሁለት ሳምንት ልፋት ገደል ገባ።

በነገራችን ላይ ወፍ ያላችሁ፣ ቡና ስትቆሉና ዕጣን ስታጨሱ ከክፍሉ አውጡት። የወፍ ሳንባ ጭስ አይችልም።

ብቻዬን ከእሱ ጋር ስቀመጥ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። እዚህ አገር በመጣሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት «ኢንጂነር አልነበርክም እንዴ?» ያለኝን ሁሉ ስናከስ ኖሬያለሁ። ክፋት አልነበረም፤ እጅ ከላይ መጣብኝ።

ከፋሲካ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ሊነጋ ሲል፣ ፍሬውን በመዳፌ ይዤ ቆምኩ። ጎመን መጀመሪያ ምንቃሩን ጣቴ ላይ አሳረፈ። ደነገጥኩ፤ ግን አልሳብኩም። ለካ በቀቀን ምንቃሩን እንደ እጅ ነው የሚጠቀምበት፤ ድልድዩ ይችለው እንደሆነ መፈተሹ ነበር። ከዚያ በአንድ እግሩ፣ ቀጥሎ በሌላው ወጣ። እግሩ ይሞቃል። ይህን አላውቅም ነበር። እስኪወርድ ጠብቄ ልጄን ቀሰቀስኳት።

ባለቤቴን አሁንም ይነክሳታል። ቀነ ገደቡን ግን አላነሳችውም። በሽቦ ቤቱ በኩል ስታልፍ «ጎመን በጤና» እያለች በሩቁ ነው።