የአሥራ አንድ ቀን ነገር

ወታደር ወደ ግዳጅ ሲንቀሳቀስ ብዙ ነገር ከኋላው ትቶ ይሄዳል፤ ማኅደሩ ግን አይቀርም። ከክፍል ወደ ክፍል ቢዛወር፣ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ቢታዘዝ፣ እርሱ ገና በመኪና ላይ አቧራ ሲጠጣ በማኅተም የታሸገችው ፖስታ ቀድማው ደርሳ በአዲሱ አዛዥ ጠረጴዛ ላይ ትጠብቀዋለች። አዛዡም የሰውየውን ፊት ከማየቱ በፊት ወረቀቱን ያያል። ይህ የአሠራር ግዴታ ስለ ሆነ የምንነቅፈው አይደለም። ዛሬ በዚህ የቤተሰብ ዓምድ ልናወጋችሁ የተነሣነው ከእንዲህ ዓይነቱ ማኅደር ውስጥ ስለ ነበረች አንዲት ቃልና ያችን ቃል ለማስነሣት ስለ ተደረገ የአራት ወር ድካም ነው። ባለጉዳዮቹ እንድንጽፈው ፈቅደውልናል፤ ስማቸውን ግን እኛው ትተነዋል።

ነገሩ የተጀመረው በ2017 ዓ. ም. በየካቲት ወር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተሰብ አዳራሽ በተፈላው ቡና ላይ ነው። በረካው ተጠጥቶ፣ ስኒው ታጥቦ፣ እናቶች ልጆቻቸውን እየጠሩ ሲበተኑ አንዲት የአሥር አለቃ ባለቤት ወደ ኋላ ቀረት አለች። ጀበናውን በጨርቅ እየወለወለች፣ ቀና ብላም ሳታየን፣

«መቶ አለቃ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሰው አንዴ የተቀጣበት ነገር ስንት ዓመት ነው የሚቆየው?» አለችን።

የማን ነገር እንደ ሆነ ጠየቅናት።

«የባለቤቴ ነው። ለኮርስ ሦስት ጊዜ ስሙ ተላልፎ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። እሱ እንደሆነ አፉን ሞልቶ አይነግረኝም፤ ‹ወረቀት አለብኝ› ብሎ ዝም ነው። እኔ ዕድገቱስ ቢቀር ግድ አልነበረኝም። ትልቁ ልጄ ከትምህርት ቤት ተደባድቦ መጣ። ምን ሆንክ ብለው ‹አባትህ ኮብላይ ነው አሉኝ› አለኝ። መቶ አለቃ፣ እኔ የኮብላይ ሚስት ነኝ?»

ለዚህ ጥያቄ በቦታው የሚሆን መልስ አልነበረንም። ሰኞ ማኅደሩን እናያለን ብለን ተለያየን።

ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት ገብተን ማኅደሩን አስወጣን። የመዝገብ ቤት ነገር ለማያውቁ እህቶቻችን ጥቂት እናስረዳ። የእያንዳንዱ ወታደር ማኅደር በቅጠል ቁጥር የተያያዘ ነው። በሽፋኑ የውስጥ ገጽ ላይ ደግሞ የቅጠሎቹ ዝርዝር በአጭር በአጭሩ ይጻፋል፤ ይኸውም ቀኑ፣ ጉዳዩና የቅጠሉ ቁጥር ነው። ሥራ የበዛበት ሰው ቅጠሉን ሁሉ ገልጦ አያነብም። ዝርዝሩን ያይና ይዘጋዋል። በዚህ ማኅደር ዝርዝር ላይ በአሥራ አራተኛው ረድፍ፣ በቀይ ቀለም፣ «ኩብለላ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ» የሚል ተጽፏል።

ቅጠል 14ን ገለጥን። ደብዳቤው የተጻፈው በ2008 ዓ. ም. በታኅሣሥ ወር ነው። በዚያን ጊዜ ተራ ወታደር የነበረው ይህ ሰው የተፈቀደለትን የ10 ቀን ፈቃድ በ11 ቀን አሳልፎ በገዛ እግሩ ስለ ተመለሰ፣ የ15 ቀን ደመወዙ ተቆርጦ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው መወሰኑን ይገልጻል። ኩብለላ የሚል ቃል ከአንድም መስመር ላይ የለበትም። ከሥሩ የሰውየው የራሱ ቃል በእርሳስ ተጽፎ ተያይዟል። የ2008ቱ ድርቅ ምን እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ ክረምቱ በኤልኒኞ ምክንያት ከድቶ የሰሜን ወሎ ቆላ ጭድ እንኳ ያጣበት ዓመት ነበር። የሰውየው አገር ቆቦ ነው። አባቱ ታመው ተኝተዋል፤ ሁለቱ በሬዎች ቆመው መሄድ ከማይችሉበት ደረጃ ሳይደርሱ ገበያ ወስዶ የሚሸጣቸው ሌላ ወንድ በቤቱ አልነበረም። የመጀመሪያው ገበያ ገዢ አልተገኘበትም፤ ሁለተኛውን ጠበቀ፤ በሦስተኛው በግማሽ ዋጋ ሸጠና መንገድ ጀመረ። «ጥፋተኛ ነኝ፤ በስልክ ማስታወቅ ነበረብኝ» ብሎ ቃሉን ይዘጋል።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቅጠሎች አገላበጥን። በ2010 እና በ2011 ዓ. ም. በአፍሪካ ኅብረት የሶማሊያ ተልእኮ ሥር በባይደዋ ያገለገለበት የምስክር ወረቀት አለ። የአሥር አለቃነት ማዕረጉ አለ። ሁለት የምስጋና ደብዳቤዎች አሉ። ከዚያ ቀጥሎ በ2014 ዓ. ም. የተሞላ የጠባይና የሥራ ምዘና አለ። በአስተያየት መስጫው ላይ እንዲህ ይላል፤ «በሥራው ትጉህ ነው፤ ሆኖም የኩብለላ ታሪክ ያለበት በመሆኑ ለኃላፊነት ከመታጨቱ በፊት ተጨማሪ ክትትል ያስፈልገዋል።»

ፊርማው የእኛ ነበር።

በዚያ ዓመት ከአካዳሚ ወጥተን ወደ ክፍሉ ከመጣን ገና ሦስት ወር አልሞላንም ነበር። ከስልሳ በላይ ምዘና በሁለት ሌሊት አጠናቅቀን እንድናስረክብ ታዘን፣ ማኅደሮቹን ደርድረን ዝርዝር ዝርዝሩን እያየን ሞላን። የድካሙን ነገር የምናወሳው ሰበብ እንዲሆነን አይደለም። በአካዳሚው የካርታ ንባብ መምህራችን ከሌላ ሰው ወረቀት የተቀዳ የቦታ ቁጥርን መሬቱን ሳታዩ አትመኑ እያሉ ስንት ጊዜ እንደ ነገሩን እናስታውሳለን። ስለ ኮረብታ የተማርነውን ስለ ሰው አልሠራንበትም። አንድ ጸሐፊ ቦታ ጠቦት ወይም ቃሉ አጠር ብሎለት የጻፈውን እኛ አንሥተን «ታሪክ» አደረግነው፤ ከእኛ በኋላ የመጡት የኮርስ መራጮች ደግሞ የእኛን ፊርማ አይተው ስሙን መለሱ። ቃሉ ከቢሮ ወጥቶ ወደ መኖሪያ ሰፈሩ እንዴት እንደ ደረሰ ግን አላወቅንም። ቢሮና ቡና የሚለያዩት በአንድ ግንብ ብቻ ስለ ሆነ ብዙም አላስገረመን።

የቃሉ ልዩነት ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ1996 ዓ. ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ኩብለላንና ያለ ፈቃድ መቅረትን በየራሳቸው አንቀጽ ለይቶ አስቀምጧቸዋል። ኮብላይ የሚባለው ከወታደራዊ አገልግሎት ለማምለጥ አስቦ ክፍሉን ጥሎ የሄደ ነው። በሬ ሸጦ፣ አባቱን ተሰናብቶ፣ ከቆቦ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሐረር አውቶቡስ ተሳፍሮ የመጣ ሰው ዘግይቷል እንጂ አልኮበለለም።

እውነቱን ለመናገር ሳምንት ያህል ለማንም አልተናገርንም። የባለቤቱን መንገድ እየጠበቅን በሌላ በር የወጣንበትም ቀን ነበር። በመካከሉ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ፣ ደግ ሰው ነው፣ ማኅደሩን ደጋግመን ስናስወጣ አይቶ ነገሩን ጠረጠረና ጠጋ ብሎ፣ «መቶ አለቃ፣ ለምን ይጨነቃሉ? አንዲት ቅጠል ናት፤ ብትወጣ ማን ያውቃል?» አለን። ያን ቀን የተፈተንን መሆናችንን አንሸሽግም። ቅጠል 14 ብትወጣ ከ13 ወደ 15 የሚዘል ማኅደር ይቀራል፤ የሚዘል ማኅደር ደግሞ ካለው ወረቀት ይልቅ የጎደለው የከፋ ነገር ያስጠረጥራል። ከዚህም በላይ ያች ቅጠል እውነቱን የያዘች ብቸኛዋ ወረቀት ነበረች። እርሷን ጥለን ዝርዝሩንና የእኛን ምዘና ብናስቀር ሰውየውን ለዘለዓለም ኮብላይ አድርገነው ነበር።

በሳምንቱ አሥር አለቃውን አስጠርተን ወንበር ሰጠነው። አልቀመጥም አለ። ባለቤቱ መናገሯን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

«ጌታዬ፣ እሷ የምታውቀው ነገር የለም። ጥፋቴን አልክድም፤ አሥራ አንድ ቀን አሳልፌአለሁ። ቅጣቴንም ተቀብያለሁ። ይሰረዝልኝ ብዬ ግን አልለምንም።»

የዚያን ጊዜ ምዘናውን ፊቱ ላይ ዘርግተን የጻፍነው እኛ መሆናችንን ነገርነው። በዕድሜ በስምንት ዓመት ይበልጠናል። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየውና፣ «ይቺን አላውቃትም ነበር» አለ። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልጨመረም። ተሳድቦ ቢሆን ኖሮ ይቀለን ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ማመልከቻውን አብረን አረቀቅን።

እንዲህ ያለ ወረቀት ላለባቸው ጓዶች ይጠቅም እንደሆነ ስለ ማመልከቻው ጥቂት እንበል። ብዙዎቹ አቤቱታዎች የሚወድቁት ጥፋቱን በመካድ ወይም ቀጪውን አዛዥ በመውቀስ ስለሚጀምሩ ነው። የእርሱ ማመልከቻ በጥፋቱ ጀመረ። የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ጠቀሰ፤ ደመወዙ የተቆረጠበትን ወር ጠቀሰ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቅጣት እንደሌለበት ማኅደሩን ምስክር አደረገ፤ የባይደዋውን ወረቀት ግልባጭ አያያዘ። ከዚያም የሚጠይቀውን ለይቶ ጠየቀ። ዝርዝሩ ላይ ያለው ቃል በደብዳቤው መሠረት ይታረም፤ በተሳሳተው ቃል ላይ የተመሠረተው ምዘና ይነሣ፤ ማስጠንቀቂያው ራሱ ከማኅደሩ እንዲወጣ ወይም ለዕድገት እንዳይጠቀስ ይወሰን። ሁሉም በዕዝ ሰንሰለቱ በሻምበሉ በኩል አለፈ። እኛም ስሕተቱ የእኛ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወሻ ፈርመን ከላዩ አኖርን። ስንፈርም እጃችን አልቀለለንም።

የሻለቃው አዛዥ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ንባብ ተቀበሏቸው። በሦስተኛው ላይ ቆሙ። «የተቀጣ ሰው ወረቀት ሁሉ እየተነቀለ የሚጣል ከሆነ ነገ ቅጣት ብለን የምንጠራው ምን ይቀረናል?» አሉን። ይህ ጥያቄ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ዛሬም ቢሆን ሙሉ መልስ አለን አንልም። ያቀረብንላቸው ሌላው የሀገሪቱ ሕግ ነገሩን እንዴት እንዳየው ነው። የወንጀል ሕጉ በፍርድ ቤት የተፈረደበት ሰው እንኳ ቅጣቱን ጨርሶ፣ ጊዜ አልፎ፣ ጠባዩን ካስመሰከረ ፍርዱ እንዲሰረዝለት የሚጠይቅበት በር ከፍቷል። በ1999 ዓ. ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ደግሞ ቀላል የዲሲፕሊን ቅጣት ለ2 ዓመት፣ ከባዱ ለ5 ዓመት ብቻ በሪኮርድነት እንዲጠቀስ ደንግጎ ነበር። አዋጁ የመከላከያ አባላትን እንደማይመለከት እናውቃለን፤ በሕግ አስገዳጅነት አልጠቀስነውም። ለሲቪሉ ጸሐፊ 5 ዓመት የበቃ መታሰቢያ ለወታደሩ 9 ዓመት ይበቃው እንደሆነ ብቻ ጠየቅን። አዛዡ ወረቀቱን ተቀብለው እናስብበታለን አሉ።

መልሱ በሰኔ ወር መጣ። በዝርዝሩ ላይ ያለው ቀይ ቃል በአንድ መስመር ተሰርዞ «ከፈቃድ ማሳለፍ» ተብሎ ታረመ፤ በጎኑ ፊርማና ማኅተም አረፈበት። የእኛ ምዘና ተሽሮ በምትኩ አዲስ እንዲሞላ ታዘዘ። ማስጠንቀቂያው ግን ከማኅደሩ አልወጣም። ቅጣቱ የተፈጸመ በመሆኑ ለኮርስና ለማዕረግ ምርጫ እንዳይጠቀስ የሚል ትእዛዝ ከደብዳቤው ጋር ተያይዞ በቦታው ቀረ። እኛ መውጣት ነበረበት እንላለን፤ አዛዡ መቅረት አለበት ይላሉ፤ በዚህ ላይ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ባለቤቱ ይህን ስትሰማ አልጨፈረችም። «ኮብላይ የሚለው ወጣ?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችን። መውጣቱን ስናረጋግጥላት ልጁን ከኳስ ሜዳ አስጠርታ ከፊታችን አቆመችውና፣ «ንገሩት፤ ከእናንተ አፍ ይስማው» አለች። በቆቦ ስለ ሞቱት በሬዎች ሳይሆን ስለ ተሸጡት በሬዎች ነገርነው። ልጁ የጠየቀን በሬዎቹ ምን ዓይነት ቀለም እንደ ነበራቸው ነው። አላወቅንም፤ አባትህን ጠይቀው አልነው።

እግረ መንገዳችንን እህቶቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። በቡና ላይ የሰው ስም ሲነሣ ቃሉን ማን እንዳየው ጠይቁ። እኛ ያየነው መስሎን የሌላ ሰው ጽሑፍ ነበር የገለበጥነው።

አዲሱን ምዘና በዚያው ሳምንት ሞላን። በዚህ ጊዜ ቅጠሎቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብን፤ ጓዶቹንና የመቶ መሪውን ጠየቅን፤ ረቂቁን በንጹሕ አስጽፈን እንዲያነበውና እንዲፈርምበት አሥር አለቃውን ጠራነው። በመስኮቱ ብርሃን ቆሞ በጣቱ እየተከተለ ቀስ ብሎ አነበበ። መሐል ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ጌታዬ፣ እዚህ ላይ ፈቃዱን በአሥር ቀን አሳለፈ ይላል።»

አየነው። እውነትም የፈቃዱን ቀንና ያሳለፈበትን ቀን አምታተን አሥር ብለን ነበር።

«አሥራ አንድ ነው» አለ።

ወረቀቱን መልሰን እንደገና አስጻፍን፤ ከዚያ በኋላ ፈረመ።