ለገጣፎ፦ ማልቀስ የፈራችው ልጅ

ከመገናኛ «ጣፎ! ጣፎ!» እያለ ከሚጠራው ረዳት ሚኒባስ ገባሁ። ሲኤምሲን፣ ከዚያም አያትን አልፈን ለገጣፎ ደረስን። «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው። ዛሬ ግን ዓይን የሚገባው የቤቱ ብዛት ነው፤ ከትልልቅ ቪላዎች ጀርባ ገና ያልተለሰኑ ቤቶች ተደርድረዋል።

የጠሩኝ አንዲት አያት ናቸው። «ሲስተር፣ ብቅ ብለው ልጃችንን ይዩልን» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው 8 ዓመቷ ነው። ሐኪሞች ሞያሞያ የሚባል፣ እምብዛም የማያጋጥም የአንጎል ደም ሥር ሕመም እንዳለባት ነግረዋቸዋል።

ቃሉ ጃፓንኛ ነው፤ የሚትጎለጎል ጭስ እንደማለት ነው። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ዋና ዋና ሥሮች ቀስ በቀስ ይጠባሉ። ሰውነት በምትካቸው ቀጫጭን ሥሮች ያበቅላል፤ እነርሱም በምርመራ ፎቶ ላይ ጭስ ይመስላሉ። ልጅ አምርሮ ሲያለቅስ ወይም እሳት እፍ እፍ ሲል ትንፋሹ ይፈጥናል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ የአንጎሉ ሥሮችም ይኮማተራሉ። ያን ጊዜ አንድ እጅ ሊዝል፣ ምላስም ሊተሳሰር ይችላል።

አያቷ የቡናውን ከሰል እያራገቡ «መጀመሪያ የሰው ዓይን መስሎን ነበር» አሉኝ። «አልቅሳ ሳታበቃ ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ። የተቆጣኋት እኔ ነበርኩ።»

«እትዬ፣ ሕመሙን ያመጣው የእርስዎ ቁጣ አይደለም፤ ሥሮቹ ቀድሞውንም ጠበው ነበር» አልኳቸው። እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱ ሁሉ እንዳታለቅስ ይጨነቃል። ወንድሞቿ በጨዋታ ሆን ብለው ይሸነፉላታል። ትምህርት ቤት ቀርታለች። የቀጠሮ ቀን ሲደርስ እናቷ በማለዳ ይዛት እስከ አያት በታክሲ፣ ከዚያ እስከ ሜክሲኮ በባቡር ሄደው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይደርሳሉ። ልጅቷ ቀጠሮዋን ትወደዋለች አሉኝ፤ ከቤት የምትወጣው ያን ቀን ብቻ ነዋ!

ለብቻችን ስንቀር ልጅቷ ጠጋ ብላ «እማማ፣ ማልቀስ ይፈቀድልኛል?» አለችኝ።

በሙያዬ ብዙ ጥያቄ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ልቤን የነካው ግን ጥቂት ነው።

«ይፈቀድልሻል፤ ግን ብቻሽን አይደለም» አልኳት። ሲከፋት ለሰው እንድትናገር፣ ቁጭ ብላ ቀስ እያለች እንድትተነፍስ አብረን ተለማመድን። ለቤተሰቡም ነገርኳቸው፦ ውኃ ሳትጠጣ አትዋል፤ እሳትና ፊኛ አትንፋ። እጇ ቢዝል፣ ፊቷ ቢጣመም ወይም አንደበቷ ቢያዝ፣ ወዲያው ቢተዋትም እንኳ በፍጥነት ሆስፒታል ትወሰድ። ከራስ ቆዳ ያለን ደም ሥር ወደ አንጎል በማገናኘት ለደሙ ሌላ መንገድ የሚከፍት ቀዶ ሕክምና አለ፤ ይህን የሚወስነው ሐኪሟ ነው። ትምህርት ቤቱ ግን ሐኪሟን አማክሮ አሁኑኑ ይጠራት። መምህሯ ምልክቶቹን ይወቅ፤ ጓደኞቿም ሕመሙ እንደማይተላለፍ ይነገራቸው። እናትየዋንም ቢሆን በሳምንት አንድ ቀን የሚያሳርፋት ዘመድ ያስፈልጋታል።

ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ልጆቹ ገበጣ ጀመሩ። ታላቅ ወንድሟ አያቱን አየት አደረገና እውነቱን ተጫወተ፤ አሸነፋት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። አያቷ «ዝም በይ» ሊሏት አፋቸውን ከፍተው ተዉት። እጃቸውን ዘረጉላት፤ እቅፋቸው ውስጥ ገብታ ቀስ ብላ ትንሽ አለቀሰች።

ከዚያ ተነሥታ «እንደገና!» አለችው።