ሦስት እሑድ የቆመችው እናት

ሰባት ቤት መቁጠር ትችላላችሁ? አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እስከሚለው ድረስ ብዙዎቻችሁ ትደርሱ ይሆናል። ከዚያ በላይ ያሉትን ምንጅላት፣ እንጅላት፣ ፍናጅ፣ ቅናጅ የሚሉትን ቃላት ግን የሰማችሁ ራሱ ጥቂት ናችሁ፤ ስሞቹንማ ተዉት። አያቶቻችን ይህን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። ጋብቻ ሲታሰብ አዛውንት ተጠርተው ይቆጥራሉ እንጂ መዝገብ አይገለጥም። በስኮትላንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሚቆጥርለት አያት የሌለው ሰው መዝገብ ቤት ገብቶ ሁለት መቶ፣ አንዳንዴም ሦስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል። ያንን የድሮ መዝገብ የጻፈችው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ናት። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚያ መዝገብና በውስጡ ስላገኘናት አንዲት ሴት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።

ለነገረ መለኮት ትምህርት አንድ ዓመት ኤደንብራ ተቀምጬ ነበር። እሑድ እሑድ በማመልክባት አጥቢያ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰንበት ትምህርት ያስተማሩ እናት ነበሩ። እዚያ አገር ትልቁንም ትንሹንም በስሙ መጥራት የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አፌ እሺ ስላላለኝ «እማማ» እላቸው ነበር። ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸው። የአባታቸውን ወገን የዘር ሐረግ መፈለግ ጀምረው ዐይናቸው ስለ ደከመ የድሮውን የእጅ ጽሑፍ ማንበብ አቃታቸው። «ዐይን ሁነኝ» አሉኝ። ሥራው ይህ ብቻ ነበር።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳችሁ። በስኮትላንድ መንግሥት ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን መመዝገብ የጀመረው ጥር 1 ቀን 1855 ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን እጅ ነበር። ከተረፉት ሁሉ የሚቀድመው ኤሮል የምትባል አጥቢያ መዝገብ ሲሆን ከ1553 ይጀምራል። እነዚህ መዛግብት ዛሬ ኤደንብራ ውስጥ በብሔራዊው መዝገብ ቤት ተሰብስበዋል፤ ሮበርት አዳም የነደፈውና በ1774 ግንባታው የተጀመረ ጉልላት ያለው ሕንፃ ነው። ታዲያ መዝገቡ የልደት ሳይሆን የጥምቀት፣ የሠርግ ሳይሆን በእሑድ ጉባኤ የታወጀ የጋብቻ ማስታወቂያ ነው። ቀብርማ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አልተጻፈም። የሚገኘው በሌላ በኩል ነው፤ የሬሳ ሣጥን የሚሸፈንበት ጨርቅ በቤተ ክርስቲያን እጅ ነበርና ለቀስተኛ ይከራየዋል፤ ኪራዩ ለድሆች ሣጥን ይገባል። የእድር ድንኳን ብላችሁ አስቡት። ሰውዬው መሞቱ የሚታወቀው ጨርቁ ስለ ተከራየ ነው።

ክፍተቱም ብዙ ነው። በ1783 መንግሥት በእያንዳንዱ ምዝገባ ላይ የሦስት ፔኒ ቀረጥ ስለ ጣለ ብዙ ሰው ልጁን ሳያስመዘግብ ቀረ፤ ቀረጡ የተነሣው በ1794 ነው። በ1843 ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሁለት ተከፍላ ከአራት መቶ ሃምሳ በላይ አገልጋዮች ሲወጡ፣ አብረው የወጡት ቤተሰቦች ከአጥቢያው መዝገብ ጠፉ። አንድ ነገር ግን ቤታችን ያለሁ ያህል ተሰማኝ። በስኮትላንድ መዝገብ ያገባች ሴት በአባቷ ቤት ስም እንደ ተጻፈች ትኖራለች። መቃብሯ ላይ ሳይቀር። ለፈላጊው ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ እናቶች አይጠፉበትም።

ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ የሚሄድ ሰው ደግሞ እንደ እኛው የመሸኛ ደብዳቤ ይይዛል። በሰንበት ትምህርት የምታውቁት ሚስዮናዊ ዴቪድ ሊቪንግስተን በ1813 ብላንታየር የተወለደው፣ አያቱ ኡልቫ ከምትባል ደሴት መልካም ጠባዩን የሚመሰክር ደብዳቤ ይዘው ወደዚያ መጥተው ሥራ በመግባታቸው ነው። ደብዳቤ የሌለው ሰው ይጠየቃል።

ወደ እማማ ልመለስ። የአባታቸው ወገን ፋይፍ በሚባለው አውራጃ ባሕር ዳር ካለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። በቤተሰቡ ሲነገር የኖረው ወሬ የምንጅላታቸው አባት መርከበኛ ነበር፣ ልጁ ሳይወለድ ባሕር ወሰደው የሚል ነው። ከመንግሥት መዝገብ ተነሥተን ትውልድ በትውልድ ወደ ኋላ ሄድን፤ ሦስት ማክሰኞ ፈጀብን። ምንጅላትየው በ1868 ሲሞቱ በተጻፈው ላይ የእናት ስም አለ። የአባት ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው።

እማማ ባዶውን በጣታቸው ነኩት። «መርከበኛ ቢሆን ስም ይኖረው ነበር» አሉ።

እንዲህ ያለ ባዶ ሲገኝ ቀጥሎ የሚታየው የአጥቢያው ሽማግሌዎች ቃለ ጉባኤ ነው። አገልጋዩና ሽማግሌዎቹ እየተሰበሰቡ ማን ሰከረ፣ ማን በሰንበት ሠራ፣ ማን ሳያገባ አረገዘ የሚለውን ይመረምሩ ነበር። ያላገባች ሴት ስታረግዝ ትጠራለች፤ የልጁ አባት ማን እንደ ሆነ ትጠየቃለች፤ ከዚያ ሦስት እሑድ በጉባኤ ፊት ቆማ ትገሠጻለች። ወንዱም እንዲሁ። ባለቅኔው ሮበርት በርንስ በ1786 ሞክሊን በምትባል አጥቢያ በዚሁ ምክንያት ተገሥጿል፤ ለእሱ ግን በራሱ መቀመጫ ላይ ሆኖ እንዲቆም ተፈቅዶለት ነበር።

ያቺ ሴት ባለቅኔ አይደለችም፤ የእርሻ ቤት ሠራተኛ ናት። ጸሐፊው «ኤስ» የምትባለውን ፊደል እንደ «ኤፍ» አርዝሞ ስለሚጽፍ በመጀመሪያው ሰዓት አንድ ገጽ ብቻ ነበር ያነበብኩላቸው። ታኅሣሥ 1795 ተጠራች። እዚያው እርሻ የሚሠራ ወጣት ስም ጠራች። እሱ ተጠርቶ ካደ። እንደ ገና ሲጠራ አልተገኘም፤ ያለ መሸኛ ደብዳቤ ከአጥቢያው ወጥቷል። ሽማግሌዎቹ ሄዷል ወደ ተባለበት አጥቢያ ጻፉ፤ መልስ መምጣቱ አልተመዘገበም። እሷ ቆመች። የመጀመሪያው እሑድ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፤ ከሦስተኛው በኋላ ከግሣጼው ነጻ መሆኗ ተጻፈ።

እማማ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ስንት ዓመቷ ነበር?» አሉኝ። የጥምቀቷን መዝገብ ፈለግን፤ 1776። ዐሥራ ዘጠኝ። ያን ጊዜ ነው እንባቸው የመጣው። በዚያ ዕድሜ ያሉ ስንት ልጃገረዶች አስተምረዋል!

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁምና እናንተን ልጠይቅ። በአጥቢያችሁ ይህን የመሰለ ነገር አላያችሁም? እኅታችን ከመዘምራን ትወርዳለች፤ ሆዷ ይታያላ። ወንድማችን ደግሞ ከከተማው ማዶ ሌላ አጥቢያ ይሄድና በወሩ መድረክ ላይ ጊታር ይዞ ይቆማል። ሥርዓት አያስፈልግም የምል አይደለሁም፤ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን ሳስተምር ከርሜያለሁ። የእነዚያ የፋይፍ ሽማግሌዎች አሠራር ግን፣ ከነጭካኔው፣ ከእኛ በአንድ ነገር ይሻላል ብዬ አስባለሁ፤ «ልጁስ የት ሄደ?» ብለው ጠይቀዋል፣ ደብዳቤም ጽፈዋል። እናንተ በኅብረታችሁ ስለ እሷ ስታወሩ ስለ እሱ የጠየቀ ሰው ነበር? ከእናንተ መካከል ከዚያ በኋላ ቤቷ የሄደስ?

ይህን የምጠይቃችሁ ሌላ መዝገብ ስላየን ነው። ሽማግሌዎቹ የድሆችን ሣጥን የወጪ ደብተርም ይይዙ ነበር፤ እስከ 1845ቱ ሕግ ድረስ ድሃን መርዳት በዋናነት የአጥቢያው ሸክም ነበርና። በዚያው ጸሐፊ እጅ፣ በዚያው አርዝሞ በሚጽፈው ፊደል፣ ስሟ ደጋግሞ ይመጣል። ለእሷና ለልጇ የአጃ ዱቄት። እህል በተወደደበት በ1800 ዱቄቱ በየሳምንቱ ሆነ። ለልጇ ጫማ። ከ1803 ጀምሮ ደግሞ ልጁን ላስተማረበት ለትምህርት ቤቱ መምህር ክፍያ፣ ዓመት በዓመት። «ጫማ» የሚለውን እማማ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ያ ልጅ አድጎ፣ አግብቶ፣ ሚስቱ በ1857 ስትሞት ሞቷን ያስመዘገበው እሱ ነው። በዚያ ገጽ ላይ ሌሎች ሁለት አስመዝጋቢዎች ፊደል ስላልቆጠሩ የኤክስ ምልክት አድርገዋል። እሱ ስሙን ጽፎ ፈርሟል። የእናቱ የቤት ስም ነው የፈረመበት።

ወሬው ከየት እንደ መጣ እማማ ገባቸው። «መርከበኛውን የፈጠሩት ሊጠብቋት ብለው ነው» አሉ። እኔ ደግሞ ሊጠብቁ የፈለጉት ራሳቸውን ይመስለኛል፤ በዚህ አልተስማማንም። ታሪኩን ለእናንተ ለመጻፍ ፈቃድ ስጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ከለከሉኝ፦ «ስሟን አታውጣው። በሕዝብ ፊት ሦስት እሑድ ተጠርቷል፣ ይበቃዋል።» ስለዚህ አላወጣሁትም።

የቀረን ሞቷ ነበር። በጥምቀት መዝገቡ ላይ አይገኝም፣ የመቃብር ድንጋይ ቆሞላት ከሆነም ዛሬ የለም። ያገኘናት በጨርቁ ኪራይ ደብተር ነው፣ በ1831 ክረምት። ከላይ ያለው ስም ፊት የኪራዩ ገንዘብ ተጽፏል፤ ከታች ያለውም ፊት እንዲሁ። ከእሷ ስም ፊት ገንዘብ የለም፤ ጨርቁ በነጻ መሰጠቱ በሁለት ቃል ተጠቅሷል። እማማ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፣ ደብተራቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፣ ምርኩዛቸውንም ያዙ።

«በሚቀጥለው ማክሰኞ የእናቴን ወገን እንጀምራለን» አሉኝ። «እነሱ ደግሞ ከዘጠኝ መንደር የተሰበሰቡ ናቸው፤ ምሳህን ቋጥረህ ና።»