የማገዶ ወራት

መስከረም 5፣ 2018 ዓ.ም. ወልቂጤ

በመምህራን ማረፊያ ክፍል የዛሬውም ወሬ ስለ ሕዳሴው ግድብ ነው። ጳጉሜን 4 ከተመረቀ ገና ሳምንት አልሞላውም። 5,150 ሜጋ ዋት የሚለውን ቁጥር የሒሳብ አስተማሪውም የአማርኛ አስተማሪዋም እኩል ይጠሩታል። መጋቢት 24፣ 2003 መሠረቱ ሲጣል ሥራ ከጀመርሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከደመወዜ እየተቆረጠ የገዛሁት ቦንድ ወረቀቱ እስከ ዛሬ ሳጥኔ ውስጥ አለ። ደስታዬ የእውነት ነው፤ እንባዬም መጥቶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ መስኮት አጠገብ ቆሜ ያሰብሁትን ልጻፈው። የጉራጌ ተራሮች ውኃውን ለሁለት ይካፈሉታል። በምሥራቁ ፊት፣ ወደ ቡታጅራ በኩል የወረደው በመቂ ወንዝ አድርጎ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። በእኛ በኩል የወረደው ደግሞ በዋቤና በሌሎቹ ወንዞች ግቤን ይቀላቀላል፤ ግቤ ወርዶ ኦሞ ይሆናል፤ ኦሞ የግቤ 3ን ሐይቅ ይሞላል። ግቤ 3 እስከ 1,870 ሜጋ ዋት ያመነጫል። እንግዲህ እናቴ ጣሪያ ላይ የሚንጠባጠበው ዝናብ ቆላ ወርዶ ተርባይን ያዞራል ማለት ነው። እናቴ ግን ዛሬም ጧት ተንበርክካ እሳቷን እፍ ስትል እንደነበር አልጠራጠርም።

መስከረም 10፣ ቅዳሜ። እምድብር አጠገብ፣ እናቴ ቤት

ፍልጡ ከጓሮ አጥር ጋር ተደርድሮ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ወንድሜ ነሐሴን በሙሉ ሲፈልጥ ከርሟል። ለመስቀል የእንጨቱ ነገር የወንዶች ልጆች ዕዳ ነው፤ እናቱን ያለ ፍልጥ ለመስቀል ያደረሰ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ነው ጎረቤት የሚገባው። ፍልጡ ሁሉ ባህር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ዛሬ ለዚህ አገር ማገዶውም፣ አጠናውም፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያውም ሆኗል። ልነቅፈው አልችልም። የእኔም ደብተር የተገዛው በአጠና ሽያጭ ነው። ግን ከምንጩ በላይ ያለውን ባህር ዛፍ ሳይ ሁልጊዜ ልቤ ቅር ይለዋል፤ ያ ቦታ ለአገር በቀል ዛፍ ቢለቀቅ እወድ ነበር። ወንድሜ ዘንድሮ አሥራ ሁለት የዝግባ ችግኝ ተክሎበታል። ሰባቱ ይዘዋል።

ማታ ወጥ ቤቱ ውስጥ ከእማዬ ጋር ተቀመጥን። ዓይኗ ቀልቷል፤ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች፣ ወዲያው ተመልሶ ያለቅሳል።

«እማዬ፣ ይህ ጭስ እኮ እየጎዳሽ ነው።»

«አንቺን ያሳደገ ጭስ ነው። ጭስ ቤት ይጠብቃል፤ ጭስ ያጣ ቤት ነቀዝ ይበላዋል።»

እውነቷን ነው። እኔ የተወለድሁበት ትልቁ የሣር ቤት መካከሉ ላይ እሳት ነበረው። ጭሱ ወደ ላይ እየወጣ ክዳኑን ያደርቃል፣ እንጨቱን ያጠቁራል፣ ምስጥና ነቀዝ ያርቃል፤ በወጉ የጨሰ ቤት ዕድሜው ይረዝማል። ይህን ያወቁ ሰዎች አላዋቂ አይደሉም። ነገር ግን እናቴ ከአሥር ዓመት በፊት ቆርቆሮ አልብሳለች፣ ወጥ ቤቱም ቆርቆሮ ነው። ዛሬ ጭሱ የሚጠብቀው ሣር የለም። የቀረው የእሷ ሳንባ ነው። ይህን በቃል ልላት ፈልጌ አፌ አልታዘዝልኝ አለ።

ከሦስት ዓመት በፊት ምርጥ ምድጃ አምጥቼላት ነበር፤ ያ በ1980ዎቹ ተሠርቶ የተሠራጨው፣ ከሲሚንቶ የሚቀረጸው፣ ዙሪያው የተዘጋው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እስከ ግማሽ እንጨት ያድናል፤ እሷም ይህን ቆጥራ አረጋግጣለች። ለምጣዱ ትጠቀምበታለች። የመስቀል ትልቅ ድስት ሲመጣ ግን ወደ ጉልቻው መመለሷ አይቀርም።

የመብራት ምሰሶው ከቤቷ በላይ ያለው መንገድ ላይ ደርሶ ቆሟል። ሌሊት ከአጥሯ ሆኜ የታችኛውን መንደር አምፖል ቆጠርሁ። ሃያ ሰባት።

መስከረም 18፣ እሁድ። የስንብት ቀን

መስቀል አልፎ አዲስ አበባ የሚመለሱት መኪና እየጠበቁ ነው። ጀፎረው በሰው ሞልቷል። ጀፎረ በሁለቱ ወገን በተሰለፉ ቤቶች መካከል የሚዘረጋው ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ መንገድም፣ የከብት መዋያም፣ የሠርግና የለቅሶ ቦታም ነው። ማንም ቆርሶ አያጥረውም። አያቶቻችን ይህን ያህል አረንጓዴ መሬት ለሁሉም ብለው ሲተዉ ሕጋቸው በወረቀት አልተጻፈም ነበር።

እማዬ ለእያንዳንዱ ልጅ ቆጮውን በኮባ ትጠቀልላለች። ኮባውን እሳት ላይ ለአፍታ ታሞቀዋለች፣ ይለሰልሳል፣ እንዳይቀደድ ሆኖ ይታጠፋል፤ ማሰሪያው ከዚያው ከእንሰቱ የወጣ ቃጫ ነው። ቅቤውም እንዲሁ። የመጨረሻውን ጥቅል ስታስር የወንድሜ ሚስት ፌስታል ዘርግታ መጣች። «እትዬ፣ ልብስ እንዳይቀባ» አለች። እማዬ መልስ አልሰጠችም፤ ሌላ ኮባ ደረበችበት።

ወልቂጤ ስገባ ከመናኸሪያው በታች ባለው ቦይ ውስጥ ሰማያዊውና ጥቁሩ ፌስታል በመስቀል ሰሞን ዝናብ ተጠራቅሞ ውኃውን ገድቦታል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ በስብሶ አፈር የማይሆን ፌስታል እንዳይሠራና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። እነሆ አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ። በ2017 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን ጨርሶ የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ከልቤ እደግፈዋለሁ። ደግሞም እኛ ጋ ምትኩ ከውጭ መምጣት የለበትም፤ ከጓሮ ነው የሚቆረጠው። ኮባ ጠቅልለው ለሚሸጡ የገበያ ሴቶች ቦታና ጥላ ብናዘጋጅላቸው ምን ያህል ርቀን በሄድን።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ። ቡታጅራ

እህቴ የክትፎ ቤቷን ወጥ ቤት አሳየችኝ። አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝታለች። ሁለት የእንጨት ምድጃ ምጣድ አንስታለች፣ ሦስተኛው ግን አልተነሣም። ለምን እንዳልተነሣ ሳልጠይቅ ነገረችኝ፤ «ቅዳሜ መብራት ይደክማል።» ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ሲጋግር ኃይሉ ይወርዳል፣ ምጣዱ ለብ ይላል እንጂ አያበስልም። እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ይቀራል፣ ቆጮም መሀሉ ጥሬ ይሆናል። እንግዳ ተቀምጦ «ቆይ መብራት ይመለስ» አይባልም። ስለዚህ ፍልጥ ትገዛለች። የኃይል ታሪፉም ከ2017 መጀመሪያ ወዲህ በየጊዜው ከፍ እያለ ነው፤ ያም ሆኖ ወርሃዊ ሒሳቧን አውጥታ ስታሳየኝ ለእንጨት ታወጣው ከነበረው አነሰ። ደብተሯ ላይ በእርሳስ ጽፋዋለች፣ እንጨት አንድ ዓምድ፣ መብራት አንድ ዓምድ።

የቀጠረቻት ልጅ የተናገረችው ግን ከሒሳቡ በላይ ቆየብኝ። «ማታ ስተኛ አላስልም» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ስለ ጭስ ቡታጅራ ላይ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዚህን አካባቢ ቤቶች ልደትና ሞት እየመዘገበ ስንት ጥናት ሠርቷል። ከእነዚያ አንዱ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው፤ በቡታጅራ ዙሪያ በሺህ በሚቆጠሩ የገጠር ቤቶች ውስጥ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ለካ። አማካዩ የዓለም ጤና ድርጅት ያኔ ካስቀመጠው ዓመታዊ ወሰን ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ድርጅቱ በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰው በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እንደሞተ ይገምታል። ከዚህ ቁጥር ውስጥ ስንቷ ምድጃ አጠገብ እንደ እናቴ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ነበር?

ኅዳር 14

የአክስቴ ልጅ ከሊዮን ደወለ። ከአፓርታማው በታች ለወጥ ቤት ትራፊ ብቻ የሚሆን ሣጥን ቆሟል፤ የድንች ልጣጭና የቡና አተላ ለይቶ ይወስዳል። ከጃንዋሪ 1፣ 2024 ጀምሮ የፈረንሳይ ሕግ ማዘጋጃ ቤቶች ለነዋሪው ሁሉ ይህን መለያ መንገድ እንዲያዘጋጁ ያስገድዳል። «እናቴ ጧት ጧት እበትና አተላ በቅርጫት ተሸክማ እንሰቱ ሥር ስትደፋ ትዝ አለኝ» አለኝ፤ ድምፁ ተሰበረ። አክስቴ ካረፈች አምስት ዓመቷ ነው። እንሰቷ ግን እስከ ዛሬ ከመንደሩ ሁሉ ይወፍራል።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ። አጎቴ ዘንድ

የአጎቴን የባዮጋዝ ጉድጓድ ለማየት ሄድሁ። ይህን በደንብ ልጻፈው፤ ካየሁት ሁሉ ያሳመነኝ ይህ ነው።

ከመሬት በታች በድንጋይና በሲሚንቶ የተሠራ፣ አናቱ እንደ ጎጆ የተከደነ ጉድጓድ ነው። የአገር አቀፉ የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር ከኔፓል የመጣውን ንድፍ ለአገራችን አስማምቶ «ስንዱ» ብሎ ሰይሞታል። ለዚህ ዓይነቱ ጉድጓድ ቢያንስ አራት ከብት ያስፈልጋል። አጎቴ ስድስት አለው። ጧት እበቱን ከዚያው ልክ ከሆነ ውኃ ጋር መግቢያው ገንዳ ላይ አንድ ላይ ያማስላል፤ ሲቀጥን ይለቀዋል። አየር በሌለበት ውስጥ ተብላልቶ ጋዙ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ በቱቦ ወጥ ቤት ይገባል። የአጎቴ ሚስት ክብሪት ጫረች፤ ሰማያዊ ነበልባል፣ ጭስ የለም፣ ጥቀርሻ የለም። ቡናው ፈላ።

በሌላኛው ጎን ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭ ወደ እንሰቱ ይወርዳል። ሽታው የለዘበ ነው፣ ዝንብ አያመጣም፣ አረሙም ቀንሷል ይላሉ። እበቱ ድሮም የሚሄደው እዚያው ነበር። አሁን መንገድ ላይ እሳት ሰጥቶ ያልፋል። አንድም ነገር ሳይጎድል!

ሁለት ነገር ግን ይቀራል፤ ሁለቱም ሴቶቹ ጫንቃ ላይ ናቸው። አንደኛው ውኃው ነው። ምንጩ ሩቅ ነው፣ ለጉድጓዱ የሚጨመረውን ጀሪካን የምታመላልሰው ልጅቱ ናት። አጎቴ የጣሪያ ውኃ ማጠራቀሚያ ሊሠራ ሲሚንቶ ገዝቷል። ሁለተኛው ምጣዱ ነው። የጋዙ ምድጃ ነበልባል ጠባብ ስለሆነ ለድስትና ለጀበና እንጂ ለሰፊው ምጣድ አይበቃም፤ ከቤት ማገዶ ግማሽ የሚበልጠው ደግሞ የሚያልቀው በመጋገር ነው። ለባዮጋዝ የሚሆን ምጣድ ተሞክሯል፣ ተሠርቷልም። በየገበያችን እንደ ሸክላው ምጣድ የሚገኝበትን ቀን ነው የምጠብቀው።

ታኅሣሥ 12፣ እሁድ

እህቴ ከቡታጅራ በሰው እጅ ቆጮ ላከች፤ በኤሌክትሪኩ ምጣድ የተጋገረ፣ በኮባ የተጠቀለለ። ሳልፈታው እምድብር ወሰድሁት። እማዬ ፈትታ አሸተተችው፣ ከዳሩ ቆረሰች፣ ረጅም ጊዜ አላመጠች።

«ጭስ ጭስ አይልም» አለች።

ዝም አልሁ። ሌላ ቆረሰች፤ አሁን ከመሀሉ። ጣቷን ገፋ አድርጋ መብሰሉን አየች። ከዚያ ወደ ውጭ፣ ምሰሶው ወዳለበት ወደ መንገዱ ቀና ብላ ተመለከተች።

«ምጣዱን ስንት ገዛችው?»