ሳይሞቱ ሳያረጁ የሚኖሩ በጎች

ታኅሣሥ 13 ቀን 2017፣ ታንጃቩር አካባቢ፣ ታሚል ናዱ፣ ሕንድ

ዝናቡ ስላላቋረጠ ዛሬ የግድግዳውን የድንጋይ ጽሑፍ የምንገለብጥበትን ወረቀት አልዘረጋንም። በእርጥብ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አይደርቅም፤ ሳይደርቅ ከተላቀቀ ደግሞ ይቀደዳል። ስለዚህ በመንደሩ የሺቫ ቤተ መቅደስ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን ፊደል ስንቆጥር ዋልን። አስተማሪያችን ጡረታ የወጡ የታሚል ቋንቋ መምህር ናቸው። ሁሉም «አይያ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ከተማሪዎቹ መካከል የትራክተር መካኒክ፣ ነርሶች፣ የባንክ ሠራተኛና የሁለተኛ ደረጃ ልጆች አሉ። እሑድ እሑድ የሚሰበሰቡት በገዛ ፈቃዳቸው ነው፤ ወረቀቱንና ቀለሙንም ከኪሳቸው ነው የሚገዙት።

ታሚል አፉን የፈታበት ሰው ሁሉ የሺህ ዓመት ግድግዳ ያነብባል ማለት አይደለም። የፊደሉ ቅርጽ ተለውጧል። ለሳንስክሪት ቃላት ግራንታ የሚባል ሌላ ፊደል መሀል ላይ ይገባል። ቃል ከቃል አይለይም፤ ጽሑፉ ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ያለ ክፍተት ይሄዳል። ተነባቢው አናባቢ እንደሌለው የምታመለክተውን ነጥብ ጠራቢዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ትተዋታል። ለአማርኛ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ሳድስ ፊደል አንዴ ድምፅ ይሰጣል፣ አንዴ ይዋጣል፣ እኛም ከቃሉ ነው የምንለየው። እዚህ ግን ቃሉ ራሱ ከሺህ ዓመት በፊት የተነገረ ነው።

ዘመኑን ማወቅም ቀላል አይደለም። ጽሑፉ የሚቆጥረው በንጉሡ የግዛት ዓመት ነው። በዚያ ዘመን ይህን አገር የገዙት የቾላ ነገሥታት ደግሞ ራጃኬሳሪና ፓራኬሳሪ የሚሉ ማዕረጎችን እየተፈራረቁ ይይዙ ነበር። «የፓራኬሳሪ 3ኛ ዓመት» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ድንጋይ የትኛውን ፓራኬሳሪ እንደሚል ከፊደሉ ቅርጽና በውስጡ ከተጠቀሱት ሰዎች ስም መፈለግ ነው። አይያ ይህን ሲያስረዱ መካኒኩ ቀድሞ ገባው። የሞተር ዓይነት ከቁራጭ ዕቃ መለየት ሥራው ስለሆነ ይመስለኛል።

ታኅሣሥ 20

ፀሐይ ወጣ፤ ሥራ ተጀመረ። መጀመሪያ ድንጋዩ በውኃና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል። የሽቦ ብሩሽ ክልክል ነው። ልጆቹ ቀድሞ ፊደሉ እንዲታያቸው ዱቄት ይቀቡት ነበር፤ አይያ እሱንም ከልክለዋል፣ ዱቄቱ ከፊደሉ ጎድጓዳ ውስጥ እየቀረ ይሻግታልና። ከዚያ እርጥብ ወረቀት ይለጠፍና በጠንካራ ፀጉር ብሩሽ ከመሀል ወደ ዳር ይደበደባል፤ ወረቀቱ ፊደሉ ውስጥ እስኪሰምጥ ድረስ። ጠፈፍ ሲል በጨርቅ በታሰረ ጥጥ ቀለም ይነካካል። የሰመጠው ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ሌላው ይጠቁራል። ጥቁር ወረቀት ላይ ነጭ ፊደል ብቅ ሲል ሁሉም ሥራውን ትቶ ይሰበሰባል።

የዛሬው ድንጋይ ስለ በግ ነው። አንድ ሰው በመቅደሱ ውስጥ ቀንና ሌሊት የሚነድ አንድ መብራት እንዲኖር 90 በግ ሰጥቷል። በጎቹ ለእረኛ ይሰጣሉ፤ እረኛው በየቀኑ ኡላኩ በሚባል መስፈሪያ አንድ ስፍር የተነጠረ ቅቤ ለመብራቱ ያመጣል። ጽሑፎቹ እነዚህን በጎች «የማይሞቱ፣ የማያረጁ» ይሏቸዋል። የሞተው በተወለደው ይተካል፣ ትርፉ የእረኛው ነው፣ ቁጥሩ ግን በመዝገብ ላይ አይጎድልም። የንጉሥ ስጦታ አይደለም፤ የአንድ መንደር ሰውና የአንድ እረኛ ውል ነው። የታሪክ መጻሕፍት ስለ ዘመቻ ሲያወሩ ይህን ዓይነቱን ሰው ማን ያስታውሰዋል? ግድግዳው አስታውሶታል።

ታኅሣሥ 25

ወደ ታንጃቩር ትልቁ ቤተ መቅደስ ሄድኩ። ቀዳማዊ ራጃራጃ ቾላ ያሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1010 የተጠናቀቀው ነው። ቱሪስቱ ሁሉ ወደ ላይ አንጋጦ ማማውን ያያል፤ እኔ ግርጌ ግርጌውን ስዞር ዋልኩ። ግርጌው በሙሉ ጽሑፍ ነው፦ የወርቅና የብር ዕቃ ከነሚዛኑ፣ ግብር የሚያስገቡ መንደሮች፣ ለእያንዳንዱ መብራት 96 በግ፣ ከሌሎች መቅደሶች የመጡ 400 ሴት ዳንሰኞች ከነስማቸውና የቤታቸው መገኛ ከነመንገዱ። ሎሌው፣ ከበሮ መቺው፣ ሒሳብ ያዡ ድርሻው ተጽፎለታል።

መቅደሱን ማን እንዳሠራው ግን ለረጅም ጊዜ በአፈ ታሪክ ነበር የሚወራው፤ አፈ ታሪኩም ሌላ ንጉሥ ይጠራ ነበር። ጀርመናዊው ኦይገን ሑልትሽ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የመንግሥት የጽሑፍ መርማሪ ሆኖ ግድግዳውን ባነበበ ጊዜ የራጃራጃ ስም በየቦታው ተገኘ። «የደቡብ ሕንድ የድንጋይ ጽሑፎች» የተባለው ተከታታይ የመጀመሪያው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1890 ታተመ። አብረውት የሠሩት የአገሩ ሊቃውንት፣ ከእነሱም ዋነኛው ቬንካያ፣ ባይኖሩ ሥራው የማይታሰብ ነበር።

ጥር 4 ቀን

ዛሬ የመንደራችን መቅደስ ኮሚቴ ተሰበሰበ። በልማዱ በየ12 ዓመቱ ቤተ መቅደስ ይታደስና እንደገና ይቀደሳል። ይህ ቅዱስ ሥራ ነው፤ መንደሩ ሁሉ ያዋጣል። አደጋውም የሚመጣው በዚሁ ጊዜ ነው። በብዙ ቦታ ግድግዳ እንዲጸዳ በአየር ግፊት አሸዋ ተረጭቶበት ፊደሉ ተልጦ ሄዷል። ኖራና የዘይት ቀለም ተደርቦበታል፤ የወለል ንጣፍ የግርጌውን መስመር ውጦታል፤ ተነቅሎ የተመለሰ ድንጋይ ተገልብጦ ገብቷል። ይህን የሚያደርገው ጠላት አይደለም። መቅደሱን የሚወድ ሰው ነው፤ ድንጋዩ የሚናገረውን ያላነበበ ሰው። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «አምላክ ንጹሕ ቤት ይገባዋል፤ አሮጌ ጭረት ለማን ይጠቅማል?» አሉ። አይያ አልተቆጡም። ስለ ቲሩቫላም መቅደስ ነገሯቸው። እዚያ የተገኘ ጽሑፍ ራሱ እንዲህ የሚል ሐሳብ ይዟል፦ አዳራሹ ፈርሶ ከመሠራቱ በፊት የነበረው የድንጋይ ጽሑፍ ግልባጭ ይህ ነው። ቀጥለው ንግሥት ሴምቢያን ማሃዴቪን አነሡ። በ10ኛው መቶ ዘመን የጡብ መቅደሶችን በድንጋይ ስታሠራ፣ በቲሩክኮዲካቫል የቀድሞዎቹን ጽሑፎች በአዲሱ ግድግዳ ላይ እንደገና አስቀርጻለች። «አያቶቻችን ሲያድሱ መጀመሪያ ይገለብጡ ነበር፤ እኔ አዲስ ነገር አላመጣሁም» አሉ አይያ።

ሽማግሌው ዝም ብለው ቆዩና «የእኛ ግድግዳ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ። የበጎቹ ነገር ተነበበላቸው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠራው የመስኖ ቦይ ዛሬም በዚያው ስም እርሻቸውን የሚያጠጣ ነው። ከዚያ በኋላ የአሸዋ ርጭት የሚል ሰው አልነበረም።

ጥር 6

የመከር በዓሉ ፖንጋል ነው፤ ማንም አይሠራም። ደጃፉ ሁሉ በነጭ ዱቄት ሥዕል ተሞልቷል። ከባንክ ሠራተኛው ቤት ተጋብዤ ከአዲስ ሩዝ የተሠራውን ጣፋጭ በላሁ። እናቱ «የእናንተ አገርስ ድንጋይ ላይ ጽፏል?» አሉኝ። ስለ አክሱም ነገርኳቸው፤ ስለ ሶቆትራ ደሴት ሆቅ ዋሻም። በዚያ ዋሻ ከሕንድ የመጡ መርከበኞች በብራህሚ ፊደል ስማቸውን ጽፈዋል፤ የአክሱም ሰዎችም በግዕዝ ፊደል። «ታዲያ ጎረቤት ነበርን» አሉ፣ ሳህኔን እንደገና እየሞሉ።

ጥር 18

የሕንድ የሪፐብሊክ ቀን ነው። በትምህርት ቤቱ ሥነ ሥርዓት ላይ ርእሰ መምህሩ ኡቲራሜሩርን ሳያነሣ አላለፈም። በዚያ ከተማ መቅደስ ግድግዳ ላይ፣ በቾላው ንጉሥ በቀዳማዊ ፓራንታካ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ919 እና በ921 አካባቢ የተቀረጸ የምርጫ ደንብ አለ። ከ30 ቀጣናዎች የዕጩዎች ስም በዘንባባ ቅጠል ላይ ተጽፎ ማሰሮ ውስጥ ይገባል፤ አንድ ሕፃን ልጅ ያወጣዋል። ዕድሜው ከ35 በታች ወይም ከ70 በላይ የሆነ አይገባም። ቀድሞ ኮሚቴ ላይ ተቀምጦ ሒሳብ ያላስረከበ እሱም ዘመዶቹም አይመረጡም።

ይህን ደንብ እወደዋለሁ፤ ግን ዛሬ እንደተባለው የሕዝብ ሁሉ መንግሥት አልነበረም። ዕጣው ውስጥ የሚገባው ግብር የሚከፈልበት መሬትና በራሱ ቦታ ላይ የተሠራ ቤት ያለው፣ ቅዱሳት መጻሕፍቱን ቬዳዎችን የተማረ፣ ከካህናቱ መደብ የሆነ ብራህሚን ብቻ ነው። ሴት የለችበትም፣ አራሽ የለበትም። ድንጋዩን ማክበር ማለት የተጻፈበትን ሙሉውን ማንበብ ነው። ለልጆቹ ይህንኑ ስነግራቸው አንዲት ተማሪ «ሒሳብ ያላስረከበ የሚለው ግን ዛሬም ይሁን» አለች። ተስማምቻለሁ።

በበኩሌ የቲሩሙክኩዳል መቅደስን ጽሑፍ ይበልጥ አደንቃለሁ። በ11ኛው መቶ ዘመን፣ በቾላው ንጉሥ በቪራራጄንድራ ጊዜ፣ መቅደሱ 15 አልጋ ያለው ሐኪም ቤት እንደነበረው ይነግረናል፤ ሐኪሙ፣ ቀዶ ጥገና የሚሠራው፣ አስታማሚ ሴቶቹ ከነቀለባቸው፣ መድኃኒቶቹም በስም ተዘርዝረዋል። ነርሶቻችን ይህን ሲሰሙ በየሳምንቱ መምጣት ጀመሩ።

ማታ ላይ የመንደሩን መቅደስ ግድግዳ በስልክ ፎቶ አነሣን። ብርሃኑ ከፊት ሲመጣ ድንጋዩ ባዶ ይመስላል፤ ከጎን፣ ግድግዳውን ታክኮ ሲመጣ እያንዳንዱ ጭረት ጥላ ይጥላል። አንዱ መብራት ይይዛል፣ አንዱ ያነሣል፣ አንዷ የመስመሩን ቁጥር ትጽፋለች። በቀን የማይነበበው በሌሊት ተነበበ።

ጥር 25

ኮሚቴው ወሰነ፦ እድሳቱ የሚጀመረው ግድግዳው በሙሉ ፎቶ ከተነሣና ግልባጭ ከተወሰደ በኋላ ነው። የአንድ መንደር ውሳኔ ነው፤ ሕግ አይደለም። ግን ግድግዳውን የሚያድነው ይኸው ነው። የመንግሥት ባለሙያዎች ከመቶ ዓመት በላይ ግልባጭ ሲያነሡ ኖረዋል፤ ብዙው ተቀምጦ የቆየው በማይሶር ሲሆን፣ የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የታሚል ጽሑፎቹ ግልባጮች ወደ ቼናይ እንዲዛወሩ ያዘዘው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። የተገለበጠ ሁሉ አልታተመም። ድንጋዩ ከተላጠ ደግሞ ንባቡ ትክክል መሆኑን የሚመሰክር አይኖርም። ለዚህ ነው ከመዝገብ ቤቱ ይልቅ በየቀኑ በግድግዳው አጠገብ የሚያልፈው ሰው ጠባቂ መሆን ያለበት።

በቼናይ፣ በኮይምባቶር፣ በፑዱቼሪ የምትማሩ ኢትዮጵያውያን አላችሁ። በየአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ የእሑድ ቡድን አይጠፋም፤ ጠይቁና ሂዱ። ታሚል ማንበብ አይጠበቅባችሁም። ውኃ የሚቀዳ፣ ወረቀት የሚይዝ፣ መብራት ከጎን የሚያበራ ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል።